የደም ዓይነትና ሾተላይ

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን ጋር ደም ለመስጠት ተሰልፈን ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላም የደም ዓይነታችን የተጻፈበት ካርድ ታደለን። ካርዱን እንደ ፈተና ውጤት እየተቀባበልን «አንተ ምንድን ነህ? አንቺስ?» ስንባባል፣ የአንዲት ጓደኛችን ካርድ «ኦ ኔጋቲቭ» የሚል ሆኖ ተገኘ። ይህን ያየ አንድ ቀልደኛ «እንግዲያውስ ሾተላይ አለብሽ ማለት ነው፤ የሚያገባሽ ይወቅበት!» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ተቀምጠን ያልሳቀችበትን ምክንያት ነገረችን። እናቷ አራት ጊዜ አርግዘዋል። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በደኅና ተወልዶ አደገ፤ ዛሬ ትዳር የያዘ ሰው ነው። ሁለተኛይቱ ልጅ ገና አንድ ቀን ሳይሞላት ዓይኗና ገላዋ ቢጫ ሆነ፤ በአራተኛው ቀን ሞተች። ሦስተኛው በስምንተኛው ወር አብጦ፣ ሞቶ ተወለደ። በዚህ ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች «ሾተላይ ነው» አሉ። አባቷም ደብተራ ፈልገው ክታብ አስጻፉ። እናትየዋ ክታቡን በአንገታቸው አስረው አራተኛውን ፀነሱ፤ እሷ ተወለደች፤ አደገችም። ስሟም ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እንደሚሉት ከሐዘን በኋላ ለሚወለድ ልጅ ከሚወጡት ስሞች አንዱ ነው።

«እናቴ ክታቡ ነው ያተረፈሽ ትለኛለች። ታዲያ የእሷ ሾተላይ ወደ እኔ ተላልፏል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችን።

ባዮሎጂ ስንማር ስንት ዓመታችን ነው! ነገር ግን አንዳችንም ቀጥ ያለ መልስ ልንሰጣት አልቻልንም። አፈርን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መጻሕፍት አገላበጥን፤ የሚያውቁትንም ጠየቅን። ይህ ጽሑፍ ያገኘነውን ለአንባብያን ለማካፈል የቀረበ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ሾተላይ የሚለው ቃል በአገራችን ከሐኪም ቤት በፊት የነበረ ነው። አንዲት እናት የምትወልዳቸው ሕፃናት በተከታታይ ሲሞቱባት ክፉ መንፈስ ይዟታል ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚል አይጠፋም። ደብተራዎች በብራና በሚጽፉት ክታብ ላይ ብዙ ጊዜ የሱስንዮስ ታሪክ ይገኛል፤ ይኸውም ሱስንዮስ ሕፃን ልጁን የገደለችበትን ውርዝልያን ፈልጎ በጦር እንደ ወጋት የሚተርክ ነው። ክታቡ እንደ ተረት የሚታለፍ አይደለም። ሕፃናት አከታትለው የሞቱባቸው እናቶች ምን ያህል ብዙ እንደ ነበሩና መጽናኛ ከየት ይፈልጉ እንደ ነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው።

በከተማ ግን ቃሉ ሐኪም ቤት ገብቶ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። አሁን አር ኤች ኔጋቲቭ የሆነች ሴት ሁሉ «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። በዚህ ምክንያት ስሕተቱ በሁለት ወገን ሆነ። በአንድ ወገን፣ ሕፃናትን በተከታታይ የሚገድሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ወባ፣ ቂጥኝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የእናትየዋ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሁሉ ይገኙበታል። እነዚህን ሁሉ በደም ዓይነት ማሳበብ ትክክለኛውን በሽታ ሳይታከም ማስቀረት ይሆናል። በሌላው ወገን ደግሞ፣ አር ኤች ኔጋቲቭ መሆን በሽታም መንፈስም አይደለም፤ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የአንዲት ምልክት አለመኖር ብቻ ነው። ጤነኛይቱን ልጃገረድ የመንፈስ ስም ሰጥተን ስናሳፍራት ምን ያህል እንደምንበድላት ከዚህ ይታያል።

ምልክት ያልነው ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

ደም በቋንቋችን ብዙ ሥራ ይሠራል። የማይወደድ ሰው ደመ መራራ ነው፤ መልከ መልካሙ ደመ ግቡ ነው፤ ዘመድም ሥጋና ደም ነው። ሐኪም «የደም ዓይነት» ሲል ግን ስለ ጠባይም ስለ ትውልድ ክብርም መናገሩ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጄምስ ብለንደል የተባለ የለንደን የማዋለድ ሐኪም ሴቶች ከወለዱ በኋላ ደም እየፈሰሳቸው ሲሞቱ ማየት ቢመረው፣ የሰውን ደም ለሰው መስጠት ሞከረ። ከታከሙት አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ሌሎቹ ሞቱ። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ምክንያቱን ያገኘው በቪየና ከተማ ይሠራ የነበረው ካርል ላንድስታይነር ነው። የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም ወስዶ፣ የአንዱን የደም ውሃ ከሌላው ቀይ ሕዋስ ጋር ሲያደባልቅ አንዳንዱ እንዳለ ይቆያል፤ አንዳንዱ ግን ይጓጉላል። በ1901 ባወጣው ጽሑፍ ሰዎችን በሦስት መደበ፤ አራተኛው ምድብ በሚቀጥለው ዓመት ተገኘ። ለዚህም ሥራው በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀይ ሕዋስ ገጽ ላይ ኤ የተባለው ምልክት ያለው ሰው የደሙ ዓይነት ኤ ነው፤ ቢ ያለው ቢ ነው፤ ሁለቱም ያሉት ኤቢ ነው፤ አንዱም የሌለው ኦ ይባላል። በደሙ ውሃ ውስጥ ደግሞ የሌለውን ምልክት የሚያጠቁ አንቲቦዲ የተባሉ ጠባቂዎች አሉ። የኤ ሰው ቢን ያጠቃል፤ የኦ ሰው ሁለቱንም ያጠቃል። ልብ ማለት የሚገባው እነዚህ ጠባቂዎች የሌላ ሰው ደም ሳይነካን፣ ገና በሕፃንነታችን በራሳቸው የሚፈጠሩ መሆናቸው ነው። የአር ኤች ነገር የሚለየው በዚህ ላይ ስለሆነ አንባቢ ይህን ይያዝልን።

በ1939 ፊሊፕ ሌቪንና ሩፈስ ስቴትሰን የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሐኪሞች ስለ አንዲት እናት ጻፉ። ሴትዮዋ ሞቶ የተወለደ ልጅ ወለደች፤ ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት የባሏ ደም ተሰጣት። እሷም ኦ፣ እሱም ኦ ነበሩ። ሆኖም ደሙ እንደ መርዝ ሆነባት። ሐኪሞቹ ነገሩን መርምረው፣ ሽሉ ከአባቱ የወረሰው፣ እናቲቱ ግን የሌላት አንድ ያልታወቀ ምልክት መኖር አለበት፤ የእናቲቱ ሰውነትም ይህን ምልክት ከልጁ ተምሮ ባሏን በዚያው ፈረደበት አሉ። የምንጽፈው ሁሉ በዚህች በአንዲት እናት ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ዓመት ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር ሪሰስ ከሚባለው የጦጣ ዘር ደም ተነሥተው ምልክቱን የሚለይ መመርመሪያ አገኙ፤ አር ኤች የሚለውም ስም ከጦጣው ስም የተወሰደ ነው። የጦጣው ምልክትና የሰው ምልክት አንድ እንዳልሆኑ በኋላ ቢታወቅም ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። እንግዲህ ምልክቱ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል።

ኔጋቲቭ የሆኑ ሰዎች ቁጥር እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከመቶ 15 ያህል ናቸው፤ በስፔንና በፈረንሣይ ድንበር በሚኖሩት ባስኮች ዘንድ እስከ እጥፍ ይደርሳሉ፤ በቻይናና በጃፓን ከመቶ አንድ አይሞሉም። በአገራችን በልዩ ልዩ ቦታ የተደረጉት ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ10 በታች ያሳያሉ። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ትልቅ የትምህርት ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ልጃገረዶች ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉና ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ማሕፀን እንግባ። የእናትና የሽል ደም በእንግዴ ልጁ ላይ ጎን ለጎን ይፈስሳል እንጂ እንዲያው አይቀላቀልም። ምግብና አየር በስስ ግድግዳ በኩል ያልፋል፤ ሕዋሳቱ ግን በየቤታቸው ይቆያሉ። በወሊድ ሰዓት ግን እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው፤ ጠብታ ነው። እናቲቱ ኔጋቲቭ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆኑ የእናቲቱ ሰውነት ያን ጠብታ እንደ ባዕድ ያየዋል፤ ጠባቂም ማዘጋጀት ይጀምራል። ለአር ኤች አስቀድሞ የተዘጋጀ ጠባቂ ስለሌለ ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ልጁ ከወጣ ቆይቷል፤ ጡት ይጠባል። የመጀመሪያው ልጅ በደኅና የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎችንም ያሳሳተው ይኸው ነው፤ «የመጀመሪያውን በደኅና ወልዳ የለም ወይ? ከዚያ በኋላ ዓይን ነው የበላት» ይባላል።

ሰውነት ግን ትውስታ አለው፤ አይረሳም። በሚቀጥለው እርግዝና ሽሉ ፖዘቲቭ ከሆነ እናቲቱ ያዘጋጀችው ጠባቂ ግድግዳውን አልፎ ወደ ሽሉ ይገባል። የሚገባበት መንገድ እናት አራስ ልጇን ከኩፍኝና ከሌላም በሽታ የምትጠብቅበት ያው መንገድ ነው። በሌላ አነጋገር የእናቲቱ ሰውነት ክፉ አልሠራም፤ ደጉን ሥራውን ባልሆነ ቦታ ሠራ እንጂ። የሽሉ ቀይ ሕዋሳት ይፈርሳሉ፤ ደሙ ይቀንሳል፤ ጉበቱና ጣፊያው ያብጣሉ፤ ሲብስም ልብ ይደክማል፤ ገላው ውሃ ይቋጥርና በማሕፀን ይሞታል። በሕይወት ከተወለደ ደግሞ ከፈረሱት ሕዋሳት የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ነገር፣ ቀድሞ በእናቲቱ በኩል ይወገድ የነበረው፣ አሁን በራሱ በልጁ ገላ ይጠራቀማል። ቢጫው አንጎል ከደረሰ ልጁ ይሞታል፤ ቢተርፍም ደንቆሮ ወይም ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ እንወዳለን። ብዙ ጤነኞች ሕፃናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሚሆን ሕፃን ግን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚጠበቅ አይደለም፤ ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም መወሰድ ይገባዋል።

ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ ሁልጊዜ እንዲህ ይደርስባታል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ሳይኖር በነበረ ጊዜ እንኳ፣ የልጁ ኤ፣ ቢ፣ ኦ ዓይነት ከእናቲቱ ጋር የሚስማማ ሲሆን ከመቶ እናቶች 16 ያህሉ ብቻ ነበሩ ጠባቂውን የሚያፈሩት። የማይስማማ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ወደ ሁለት ይወርዳል። ይህ ለምን ይሆናል? ለምሳሌ እናቲቱ ኦ፣ ልጁ ኤ ከሆኑ፣ በእናቲቱ ደም ውስጥ አስቀድሞ የነበረው የኤ ጠላት የገባውን ጠብታ ወዲያው ያጠፋዋል፤ የአር ኤች ምልክቱ ገና ሳይታይ ጠብታው ይጠፋል።

መድኃኒቱ የተገኘው ከዚህ ትንሽ ትዝብት ነው። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ሲሪል ክላርክ የሚባል ሐኪም ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ቢራቢሮ በማርባት ያሳልፍ ነበር፤ ስለ ዘር ውርስ ማጥናት የጀመረውም በቢራቢሮዎቹ ነው። እሱና ሮናልድ ፊን «ተፈጥሮ በኤና በቢ የምትሠራውን እኛ በመርፌ ለምን አንሠራውም?» ብለው ተነሡ። የተዘጋጀ የአር ኤች ጠባቂ ለእናቲቱ ቢሰጣት የገባውን የልጁን ደም ወዲያው ያጠፋዋል፤ የእሷ ሰውነትም ሳያውቀው ያልፋል ማለት ነው። በዚያው ዘመን በኒው ዮርክ ፍሬዳ፣ ጎርማንና ፖላክ የተባሉ ሦስት ሰዎች ለብቻቸው ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰው፣ ሲንግ ሲንግ በተባለው እስር ቤት ፈቃደኛ በሆኑ ወንዶች እስረኞች ላይ ሞከሩት። እስረኛ ላይ የሚደረግ ሙከራ ዛሬ በዚያ መልክ የሚፈቀድ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር። መድኃኒቱም አንቲ ዲ ተብሎ በ1968 በአሜሪካ ተፈቀደ።

አንቲ ዲ በፋብሪካ ከቅጠል ወይም ከማዕድን የሚቀመም አይደለም። በደማቸው ውስጥ ይህ ጠባቂ ካለባቸው ሰዎች ደም የሚጣራ ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለ አንድ አውስትራልያዊ በ14 ዓመቱ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሰው ደም ዳነ፤ እኔም እከፍላለሁ ብሎ ዕድሜው ሲደርስ በ1954 ደም መስጠት ጀመረ። ደሙም ይህን ጠባቂ በብዛት የያዘ ሆኖ ተገኘ። እስከ 2018 ድረስ 1173 ጊዜ ሰጠ። በ2025 በ88 ዓመቱ አረፈ። ጓደኛችን ይህን ስናነብላት ካርዷን አውጥታ አየችው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ጊዜ ነው። አንቲ ዲ የሚከላከል መድኃኒት ነው እንጂ የሚያድን አይደለም። የእናቲቱ ሰውነት ጠባቂውን አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ መርፌው ያን ትውስታ ሊፍቀው አይችልም። ስለዚህ ሁለት ልጆች ከሞቱ በኋላ «ደምሽን ተመርመሪ» ማለት እሳቱ ቤቱን ከጨረሰ በኋላ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። መርፌው የሚሰጠው በእርግዝናው በ28ኛው ሳምንት፣ ደግሞም ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። 72 ሰዓቱ ካለፈ ምንም ዋጋ የለውም ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ እስከ አሥር ቀን ድረስ እንኳ ቢሰጥ ሊጠቅም ይችላል። በወሊድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ጠባቂ የሚያፈሩት እናቶች ከመቶ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳሉ፤ በ28ኛው ሳምንት ሲጨመርበት ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ያህል ይቀራሉ።

ውርጃም እንደ ወሊድ ይቆጠራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቅም አፍሮ አይናገረውም። በድብቅ ያስወረደች ልጃገረድ በኋላ በክብር አግብታ የምታረግዘው ልጅ ለሐኪሙ «የመጀመሪያ» ይመስለዋል፤ ለደሟ ግን ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። እርግዝናው ከ12 ሳምንት በታች ሲሆን አደጋው በጣም ትንሽ ስለሆነ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ መርፌው አያስፈልግም ብሏል፤ አንዳንድ አገሮች ግን አሁንም ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አስፈላጊ ነው። ከማሕፀን ውጭ የሆነ እርግዝና፣ በእርግዝና ጊዜ የሚፈስ ደም፣ ሆድ ላይ የሚደርስ ከባድ ምትም ለሐኪም ሊነገሩ የሚገባቸው ናቸው። ኔጋቲቭ ለሆነች ልጃገረድ በስሕተት ፖዘቲቭ ደም መስጠትም ከወሊድ የበለጠ ያስተምራታል፤ ጠብታ ሳይሆን ከረጢት ሙሉ ነውና።

በአገራችን መርፌው በየጤና ጣቢያው የማይገኝ መሆኑን፣ ዋጋውም ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። በቅዝቃዜም መቀመጥ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ምጥ ከመጣ በኋላ ባል ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እንዲሯሯጥ ከማድረግ፣ ወራት ሲቀሩት የት እንደሚገኝ ጠይቆ ገንዘቡን ማስቀመጥ ይሻላል። የቤተ ሰብ ዕቅድ ሲባል ስንት ልጅ፣ በስንት ዓመት ልዩነት የሚለው ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ለኔጋቲቭ ሴት ግን ዕቅዱ ከመጀመሪያው ልጅ በፊት የሚጀምር ነው።

እዚህ ላይ ጋብቻን በሚመለከት የሚነሣውን ጥያቄ እንመልስ። አባቶቻችን ከጋብቻ በፊት ዘር ይቆጥሩ ነበር፤ ኮከብም የሚያስቆጥሩ ነበሩ። አሁን ደግሞ አንዳንድ ሰዎች የደም ዓይነትን እንደ ኮከብ ይዘውታል፤ «ደማችን አይገጥምም» ብለው የተለያዩ እጮኛሞች እንዳሉ ሰምተናል። ይህ ፈጽሞ መሠረት የለውም። ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ደም ቢኖራቸው ጉዳት የለውም፤ የተለያየም ቢሆን ጋብቻን አይከለክልም። የደም ዓይነት የሚጠየቀው «ማንን ላግባ?» ለማለት አይደለም፤ «መቼ ምን ላዘጋጅ?» ለማለት ነው። ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ልጆቻቸው ሁሉ ኔጋቲቭ ናቸውና የሚያሠጋ ነገር የለም። ባል ኔጋቲቭ፣ ሚስት ፖዘቲቭ ብትሆንም እንዲሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው ሚስት ኔጋቲቭ፣ ባል ፖዘቲቭ ሲሆኑ ብቻ ነው።

በዚህም ጊዜ ነገሩ በሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ የውርስ ቃል ይቀበላል። ባል ሁለቱም ቃሎቹ ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጆቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። አንዱ ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ልጅ በግማሽ ዕድል ኔጋቲቭ ይሆናል። ኔጋቲቭ የሆነው ሽል ደግሞ የእናቱን ደም ይመስላልና ጠባቂው በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይነካውም። እናቲቱ ከዚያ በፊት ስንት ልጅ ብታጣ እንኳ እሱ ይተርፋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። የጓደኛችን ካርድ «ኦ ኔጋቲቭ» ነበር የሚለው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላም አደጋ አለ፤ ይኸውም ጥርጣሬ ነው። «ሁለታችንም ፖዘቲቭ ስንሆን ልጁ እንዴት ኔጋቲቭ ሆነ?» ብሎ ሚስቱን የሚወቅስ ባል ይኖራል። ሁለት ፖዘቲቭ ወላጆች ኔጋቲቭ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ሁለት የኤ ወላጆችም የኦ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ፤ የተሰወረው ቃል ከሁለቱም ወገን ሲገናኝ ይገለጣልና። ሁለት የኦ ወላጆች ኤ ወይም ቢ ልጅ አይወልዱም ተብሎ ቢጻፍም፣ በ1952 በቦምቤይ ከተማ የታወቀው እጅግ ብርቅ የሆነ የደም ዓይነት ይህን ሕግ እንኳ ያፈርሰዋል። ካርድ አይቶ ትዳር ማፍረስ ከሁሉ የከፋ አለማወቅ ነው እንላለን።

እናት ኦ፣ ልጅ ኤ ወይም ቢ ሲሆንም ሕፃኑ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው በመጀመሪያውም ልጅ ይደርሳል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ በብርሃን ይታከማል። የብርሃኑ ሕክምና የተገኘው በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር አንዲት ነርስ ቢጫ ሕፃናትን ወደ ግቢው ፀሐይ እያወጣች ስትመልስ፣ ፀሐይ ያገኘው ገላቸው ሲነጣ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ግን ቢጫ እንደሆነ ሲቀር በማስተዋሏ ነው።

ጠባቂውን አስቀድመው ያፈሩት እናቶችስ? ለእነሱም ተስፋ የለም አይባልም። በ1945 ኩምስ፣ ሞራንትና ሬስ በካምብሪጅ ባወጡት ምርመራ ጠባቂው በእናቲቱ ደም ውስጥ መኖሩና መጠኑ ይታወቃል። በ1963 ዊልያም ላይሊ የሚባል የኒው ዚላንድ ሐኪም ገና በማሕፀን ላለ ሽል ደም ሰጠ፤ ሽሉም ተርፎ ተወለደ። ዛሬ በአልትራሳውንድ የሽሉ ደም በአንጎል ሥር ውስጥ የሚፈስበትን ፍጥነት አይቶ የደም ማነሱን መገመት ይቻላል፤ ሲያስፈልግም በእትብቱ በኩል ደም ይሰጠዋል። ከተወለደም በኋላ ደሙን ቀስ በቀስ በሌላ ደም መለወጥ ይቻላል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሆስፒታልና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በካርድ ላይ የምትጻፈው ቃል ግን የምትጠይቀው አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ብርጭቆ መስታወትና ሦስት ጠርሙስ ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ ሦስተኛው ቀለም የሌለው። ደቂቃዎች አይፈጅም።

በክረምቱ ዕረፍት ሁለት ሆነን ጓደኛችንን ወደ ወላጆቿ አገር ሸኘናት። ወላጆቿም በልጃቸው ልመና ተመረመሩ፤ ወንድሟም ተጨመረ። እናት ኦ ኔጋቲቭ፣ አባት ኦ ፖዘቲቭ፣ ወንድም ኦ ፖዘቲቭ። ማታ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ለእናትየዋ በወረቀት ላይ እየሣልን አስረዳናቸው። ዝም ብለው ካዳመጡን በኋላ፦

«ታዲያ ያለፉት ሁለቱ የአባታቸውን ደም ይዘው መጥተው ነው?» አሉ።

«ይመስለናል፣ እትዬ። ያኔ ስላልተመረመረ እርግጡን መናገር አንችልም» አልናቸው።

«ይቺስ የኔን ይዛ?»

«አዎን። እሷ በእርግጥ የእርስዎን ነው የያዘች።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እኔ እኮ በጥፋቴ ነው ስል ነው የኖርሁት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «የልጄ ሚስት አራት ወሯ ነው። እሷንስ ማን መረመራት?» ብለው ጠየቁ።

ማንም አልመረመራትም ነበር። ክታቡ ያኔም በአንገታቸው ነበር፤ እኛም አውልቁ አላልናቸውም። በማግሥቱ ጧት ግን ምራታቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጤና ጣቢያው ሲወርዱ ከደጃፍ ሆነን አየናቸው።